የማንግሮቭ ሸርጣን ሕይወት ማንግሮቩ ውስጥ አያልቅም

ሰሞኑን በማንግሮቭ፣ ማለትም በሞቃት ባሕር ጠረፍ ጨዋማ ጭቃ ላይ በሚበቅለው ደን፣ ስለሚኖር ሸርጣን የተጻፈ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ አነበብሁ። ጽሑፉ የሚናገርለት በሳይንሳዊ ስሙ ስኪላ ሴራታ የሚባለው ትልቁ የጭቃ ሸርጣን ነው፤ ከቀይ ባሕር አንሥቶ በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ እስከ ደቡብ አፍሪካ፣ በምሥራቅ በኩልም እስከ አውስትራሊያና እስከ ጃፓን ደቡባዊ ደሴቶች ድረስ ይገኛል። ጸሐፊው የኬንያ ጠረፍ ነዋሪዎች ከዚህ ሸርጣን የተሻለ ገቢ እንዲያገኙ ይመኛሉ፤ በዚህ ምኞታቸው ከእርሳቸው ጋር ነኝ። ምክራቸው ግን በአምስት ሐሳቦች ላይ የቆመ ነው፦ ሸርጣኑ በየትም ሀገር አንድ ዝርያ ስለሆነ የቬትናም የእርባታ ልምድ እንዳለ ሊወሰድ ይችላል፤ ሸርጣኑ የማንግሮቭን ችግኝና ሥር ስለሚበላ ቁጥሩ ቢቀንስ ደኑ ይጠቀማል፤ ሴቷ እዚያው ደኑ ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠር እንቁላል ስለምትጥል ብትያዝም የሚጎድል ነገር የለም፤ መቆንጠጫው ተመልሶ ስለሚበቅል እርሱን ቆርጦ እንስሳውን መልቀቅ ጉዳት የለውም፤ እርባታው ሲስፋፋ ደግሞ ባሕር ውስጥ ያለው ሸርጣን እፎይ ይላል። አምስቱንም አንድ በአንድ ለማየት እሞክራለሁ፤ ሦስተኛው ላይ ግን ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም ከሁሉም የከፋው ጉዳት የሚመጣው ከእርሱ ነው።

የአንድ ዝርያ ጉዳይ ከሩቅ ይጀምራል። ይህ ሸርጣን ለሳይንስ የታወቀው በእኛው አካባቢ ባሕር ነው። የዴንማርክ ንጉሥ ወደ ዓረቢያ ከላካቸው ተመራማሪዎች አንዱ የነበረው ፒተር ፎርስኮል ከጅዳ አካባቢ ባገኘው ናሙና ገለጸው፤ እርሱ ራሱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1763 በየመን በበሽታ ሲሞት፣ ሥራው በሕይወት በተመለሰው የጉዞ ባልደረባው በካርስተን ኒቡር አማካይነት በ1775 ታተመ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ከአፍሪካ እስከ ሩቅ ምሥራቅ ያለው የጭቃ ሸርጣን ሁሉ በዚህ በአንድ ስም ሲጠራ ኖረ። በ1949 ኢስታምፓዶር የተባለ የፊሊፒንስ ተመራማሪ በሀገሩ ያሉት ሸርጣኖች አንድ ዓይነት ብቻ አለመሆናቸውን ቢጽፍም፣ በ1960 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ልዩነቱ በቂ አይደለም በማለት መልሰው አንድ አደረጓቸው። ነገሩ እልባት ያገኘው በ1998 ኪናን፣ ዴቪና ማን የተባሉ ተመራማሪዎች የሰውነት መለኪያንና የዘረመል ምርመራን አጣምረው አራት ዝርያዎች መኖራቸውን ሲያሳዩ ነው፤ እነርሱም ስኪላ ሴራታ፣ ስኪላ ትራንኬባሪካ፣ ስኪላ ኦሊቫሲያና ስኪላ ፓራማሞሳይን ናቸው። ስለዚህ ጸሐፊው የያዙት አቋም ከ1998 በፊት ቢሆን ኖሮ የሚያስወቅሳቸው አልነበረም፤ ዛሬ ግን ውኃ አያነሳም።

ልዩነቱ ደግሞ የቤተ ሙከራ መሣሪያ ለያዘ ሰው ብቻ የሚታይ አይደለም። ሴራታን በእጅ ይዞ ፊቱን ወደ ራስ ቢያዞሩት በሁለቱ ዓይኖቹ መካከል ረዘም ያሉ ሾጣጣ እሾሆች ተደርድረው ይታያሉ፤ ከመቆንጠጫው በታች ባለው አንጓ ውጫዊ ጎን ላይ ደግሞ ሁለት ሹል እሾሆች አሉ፤ እግሮቹ ሁሉ፣ እስከ ኋለኞቹ መቅዘፊያ መሰል እግሮች ድረስ፣ የመረብ ዓይን በሚመስል ምልክት የተዥጎረጎሩ ናቸው። ኦሊቫሲያ በአንጻሩ የግንባሩ እሾሆች አጫጭርና ደብዛዛ ናቸው። በኑሮም ይለያያሉ፤ ሴራታ ዓመቱን ሙሉ ለማለት በሚቻል ሁኔታ የባሕር ውኃ የሚደርስበትን ጨዋማ ማንግሮቭ ሲመርጥ፣ ሌሎቹ ትልልቅ ወንዞች የባሕሩን ጨው በሚያቀጥኑበት ቦታ በብዛት ይገኛሉ። በቬትናም የሜኮንግ ወንዝ መፍሰሻ አካባቢ በመፈልፈያ ጣቢያዎች የሚራባው ፓራማሞሳይን ነው። በኬንያ ጠረፍ ያለው ሴራታ ነው። የአንዱን የእርባታ መመሪያ፣ የጨዋማነት መጠኑንና የዕድገት ጊዜውን ጭምር፣ ወደ ሌላው እንዳለ መገልበጥ ለገበሬው ማኅበር ኪሳራ ማውረስ ነው።

ሁለተኛው ሐሳብ፣ ሸርጣኑ ማንግሮቭ ይበላል የሚለው፣ ሁለት የተለያዩ እንስሳትን አንድ ላይ ከመጨፍለቅ የመጣ ይመስለኛል። በምሥራቅ አፍሪካ ማንግሮቭ ውስጥ ቅጠልና ዘር የሚበሉ ሸርጣኖች በእርግጥ አሉ፤ የታወቀው ኒዮሳርማቲየም አፍሪካኑም የሚባለው፣ መቆንጠጫው ቀላ ያለ፣ ከጭቃ ሸርጣን እጅግ የሚያንስ ፍጡር ነው፤ የወደቀ ቅጠል ጎትቶ ወደ ጉድጓዱ ያስገባል፣ የማንግሮቭ ዘርም መሬት ሲወድቅ ያገኘውን ይበላል። ችግኝ የሚተክሉ ሰዎች በእነዚህ ትንንሽ ሸርጣኖች መማረራቸው እውነት ነው፤ ይህን አልክድም። ስኪላ ሴራታ ግን ከዚህ ወገን አይደለም። ሂል የተባለው ተመራማሪ በደቡብ አፍሪካ በኮዊ ወንዝና በአጎራባቹ መፍሰሻዎች የያዛቸውን ሸርጣኖች የሆድ ዕቃ መርምሮ በ1976 ባወጣው ጥናት ግማሽ ያህሉ የቀንድ አውጣና የዛጎል ለበስ እንስሳት ቅሪት፣ አንድ አምስተኛ ገደማው ደግሞ የሌሎች ሸርጣኖችና የዘመዶቻቸው ቅሪት ሆኖ አግኝቶታል፤ ዓሣ እምብዛም አልነበረም። ዓሣ ይበላ ዘንድ ፈጣን መሆን አለበት፤ ይህ ሸርጣን ግን ቀን ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ውሎ ሲመሽ የሚወጣ፣ በእግሮቹ ጫፍ ጭቃውን እየዳሰሰ የማይሸሽ ምግብ የሚፈልግ አዳኝ ነው። ያገኘውን ቀንድ አውጣ ወፍራም ጥርስ ባለው መቆንጠጫው ይዞ ያገላብጠዋል፣ ደካማ ጎኑን ሲያገኝ ይጨምቀዋል፣ ካልተሰበረ ከአፉ ጠርዝ ጀምሮ ቆንጠር ቆንጠር እያደረገ ይከፍተዋል፤ ቀጠን ያለ ጥርስ ያለው ሌላኛው መቆንጠጫ ደግሞ ሥጋውን ቆርሶ ወደ አፍ ያደርሳል። እንዲህ ያለውን አዳኝ ችግኝ የሚግጥ ፍጡር አድርጎ ማቅረብ ትክክል አይደለም፤ እንዲያውም ቅጠልና ዘር በሎቹ ትንንሽ ሸርጣኖች ከምግቦቹ አንዱ ሊሆኑ ይችላሉ።

ቅጠል በሎቹም ቢሆኑ የደኑ ጠላቶች ተደርገው መታየት የለባቸውም። በ1991 ከሰሜን ኩዊንስላንድ፣ አውስትራሊያ፣ የወጣ ሙከራ ሸርጣኖች ከአንድ የማንግሮቭ ቦታ ሲወገዱ በአፈሩ ውስጥ የሰልፋይድና የአሞኒየም ክምችት እንደጨመረ፣ የዛፎቹ ዕድገትም እንደቀነሰ አሳይቷል። ምክንያቱ ጉድጓዳቸው ነው፤ አየር የማይገባበት ጥቁር ጭቃ የሚተነፍሰው በሸርጣን ጉድጓድ በኩል ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ነጥብ ልምጣ። ጸሐፊው ሴቷ ሸርጣን ማንግሮቩ ውስጥ ተወልዳ፣ እዚያው አድጋ፣ እዚያው እንቁላሏን እንደምትጥል አድርገው ጽፈዋል። እኛ የደጋ ሰዎች እንዲህ ብናስብ አያስገርምም፤ በሀገራችን ወንዞች ዳር የምናውቀው ሸርጣን፣ ፖታሞናውቴስ ከሚባለው የጣፋጭ ውኃ ወገን የሆነው፣ በእርግጥ ኑሮውን ሁሉ የሚጨርሰው በአንድ ቦታ ነው፤ እንቁላሎቹ ጥቂትና ትልልቅ ናቸው፣ ሲፈለፈሉም ትንንሽ ሸርጣኖች ሆነው ወጥተው ለጥቂት ጊዜ ከእናታቸው ሆድ ሥር ተጣብቀው ይቆያሉ። የባሕሩ ዘመዱ ግን ፍጹም የተለየ መንገድ ነው የሚከተለው፤ ግማሹ ታሪኩ የሚፈጸመው ማንግሮቩ ከዓይን በሚጠፋበት ርቀት ላይ ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ግን ጭቃው ላይ ነው። ሴቷ ለአካለ መጠን የምታደርሳትን ቅርፊት ልትለውጥ ስትቃረብ ሽታዋ ወንዱን ይጠራዋል። ወንዱ ከላይዋ ሆኖ በእግሮቹ አቅፎ ይይዛታል፣ እንዲህ እንዳቀፋትም ለቀናት ይዟት ይሄዳል። ቅርፊቷ ከኋላ በኩል ተከፍቶ እርሷ ወደ ኋላ እየተሳበች ስትወጣ እንደ እርጥብ ቆዳ የለሰለሰች ናት፤ መቆንጠጥም መሸሽም አትችልም። ግንኙነቱ የሚፈጸመው በዚያን ጊዜ ነው፤ ወንዱም አዲሱ ቅርፊቷ ጠንከር እስኪል ድረስ አይለቃትም፣ ምክንያቱም በዚያ ሰዓት ሌላ ሸርጣን ቢያገኛት ይበላታል። ሴቷ የወንዱን ዘር በሰውነቷ ውስጥ አቆይታ ከአንድ ጊዜ በላይ ለሚወጣ እንቁላል ልትጠቀምበት ትችላለች። ስለዚህ በእንቁላል የተሞላች አንዲት ሴት ስትያዝ የሚጠፋው የአንድ ጊዜ እንቁላል ብቻ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ጉዞው ይጀምራል። ይኸው ሂል በ1994 ባወጣው ጥናት በሰሜን አውስትራሊያ በካርፔንታሪያ ባሕረ ሰላጤ ከጠረፉ እስከ 95 ኪሎ ሜትር ርቀው የተያዙ እንቁላል ተሸካሚ ሴቶችን መዝግቧል። ወንዶቹ ማንግሮቩ ውስጥ ቀርተው ሴቶቹ ብቻ እንዲህ የሚርቁበት ምክንያት እጮቹ ናቸው፤ ገና የተፈለፈለው እጭ በወንዝ የቀጠነ ውኃ ውስጥ አይተርፍም፣ ጨዋማነቱ የማይለዋወጥ የክፍት ባሕር ውኃ ያስፈልገዋል። ሴቷ እንቁላሏን ከሆዷ ሥር በታጠፈው ሰፊ ክዳን ውስጥ በሚገኙ ፀጉራም እግሮች ላይ አጣብቃ፣ መጀመሪያ ብርቱካንማ ሆኖ ኋላ እየጠቆረ እስኪሄድ ድረስ፣ እንደ ውኃው ሙቀት ከአሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ገደማ ትሸከመዋለች። የሚወጡት እጮች ሸርጣን አይመስሉም፤ ትልልቅ ዓይንና ረጅም እሾህ ያላቸው፣ ከትንኝ የሚያንሱ ተንሳፋፊዎች ናቸው። አምስት ጊዜ መልካቸውን ከለወጡ በኋላ መቆንጠጫም ጅራትም ወዳለው ወደ አንድ የመሸጋገሪያ ቅርጽ ይደርሳሉ፤ በዚህ ቅርጽ ሆነው ነው ወደ ጠረፍ የሚመለሱትና ጥልቀት በሌለው ውኃ፣ በባሕር ሣርና በማንግሮቭ ሥሮች መካከል ትንሽ ሸርጣን የሚሆኑት። ይህ ሁሉ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ገደማ ይወስዳል፤ በዚያ ጊዜም ዓሣ ሁሉ ይበላቸዋል፣ የባሕር ፍሰትም ወደማይሆን ቦታ ይወስዳቸዋል።

ጸሐፊው የሚሊዮኑን ቁጥር እንደ ማስተማመኛ ያቀርቡታል። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ አንዲት ሴት በአንድ ጊዜ ከአንድ ሚሊዮን በላይ፣ ትልቅ ከሆነች ብዙ ሚሊዮን እንቁላል ትይዛለች። ነገር ግን ተፈጥሮ ይህን ያህል እንቁላል የሰጣት ሁሉም ማለት ይቻላል ስለሚሞት ነው፤ ከዚያ ሁሉ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ለአካለ መጠን ደርሰው ወላጆቻቸውን ቢተኩ የሸርጣኑ ቁጥር ባለበት ይቆያል። ትልቁ ቁጥር የሚነግረን የሞቱን ብዛት እንጂ የትርፉን ብዛት አይደለም። በገበያ ላይ ደግሞ ከሁሉ የሚወደደው ቅርፊቷ ሥር ያለው የእንቁላል ማኅደሯ በቢጫ ቀይ ተሞልቶ የሚታየው ሴት ሸርጣን ነው፤ ማለትም ጉዞዋን ልትጀምር የተዘጋጀችው። እንዲህ ያለችውን ለይቶ ማጥመድ የሚመከር ከሆነ ጉዳቱ የሚታየው ዛሬ በተያዘችበት ጠረፍ ላይ ላይሆን ይችላል፤ እጮቹ ፍሰቱ ወደሚወስዳቸው ወደ ሌላ መንደር የሚደርሱ ነበሩና። በኩዊንስላንድ ሴት የጭቃ ሸርጣን መያዝ ፈጽሞ የተከለከለ፣ ወንዱም የጀርባው ስፋት 15 ሴንቲ ሜትር ካልደረሰ የሚለቀቅ መሆኑን ጸሐፊው ሳይጠቅሱ ማለፋቸው ያሳዝናል፤ የአውስትራሊያን የዋጋ ተመን ግን ጠቅሰዋል።

በዚሁ ነጥብ ሥር ሸርጣኑ ከጉድጓዱ አይርቅም የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር አለ፤ በአጭሩ ልለፈው። ድምፅ የሚያሰማ መሣሪያ ተለጥፎባቸው በኮዊ ወንዝ የተለቀቁ ሸርጣኖች በአንድ ሌሊት በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ሲጓዙ ተመዝግቧል።

አራተኛው የመቆንጠጫው ነገር ነው። ሸርጣን መቆንጠጫውን ሲነጠቅ ሌላ ማብቀል መቻሉ እውነት ነው፤ ጠላት ሲይዘው ራሱ በተወሰነ መገጣጠሚያ ላይ በጥሶ ጥሎት ይሸሻል፣ ቁስሉም በዚያ ቦታ ቶሎ ይዘጋል። ሰው በጉልበት ሲገነጥለው ግን ስብራቱ ብዙ ጊዜ ከዚያ መገጣጠሚያ ውጭ ይሆናል፣ ሥጋም አብሮ ይወጣል፣ እንስሳውም ደሙ ፈስሶ ይሞታል። ደግሞም አዲስ መቆንጠጫ የሚወጣው ቅርፊት ሲለወጥ ብቻ ነው፤ ያደገ ሸርጣን ደግሞ ቅርፊት የሚለውጠው ከስንት ጊዜ አንዴ ነው፣ ዕድሜውም በአብዛኛው ከሦስትና ከአራት ዓመት አይዘልም። ስለዚህ መቆንጠጫው የተቆረጠ ትልቅ ወንድ ለወጉ የሚበቃ መቆንጠጫ ሳያበቅል ሊሞት ይችላል፤ እስከዚያ ድረስም ቀንድ አውጣ የሚሰብርበት፣ ሴቷን ከሌላ ወንድ የሚከላከልበት የለውም። ይህን አሠራር በሕግ በሚፈቅደው በፍሎሪዳ የድንጋይ ሸርጣን ላይ በተደረገና በ1979 በታተመ ሙከራ አንድ መቆንጠጫ ከተወሰደባቸው 28 በመቶ፣ ሁለቱም ከተወሰደባቸው 47 በመቶ ሞተዋል። ያ እንስሳ ሌላ ዝርያ ነው፤ መቆንጠጫው በሠለጠነ እጅ ሲወሰድ እንኳ ይህን ያህል የሚሞት ከሆነ፣ በማንግሮቭ ውስጥ በችኮላ የሚገነጠለው የጭቃ ሸርጣን ከዚያ የተሻለ ዕድል ይኖረዋል ብሎ ለመናገር ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ጽሑፉ ይህን ማስረጃ አላቀረበም።

እርባታ ባሕሩን ያሳርፋል የሚለው አምስተኛ ሐሳብ ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ ምክንያቱም በውስጡ እውነት አለ። ቅርፊቱን ገና የለወጠ ሸርጣን ከውጭ ሲታይ ትልቅ ነው፤ ውስጡ ግን በአብዛኛው ውኃ ነው። ልምድ ያለው አጥማጅ ገልብጦ ከእግሩ ሥር ያለውን የደረት ቅርፊት በአውራ ጣቱ ይጫነዋል፤ ቅርፊቱ ከታጠፈ ሥጋ የለውም ማለት ነው፣ ገዢም አይገዛውም ወይም በግማሽ ዋጋ ይወስደዋል። እንዲህ ያለውን ሸርጣን ማንግሮቩ ውስጥ በተሠራ ሣጥን ለብቻው አስገብቶ ለጥቂት ሳምንታት መቀለብ ክብደቱንም ዋጋውንም ይጨምራል። በኬንያ ሚዳ ክሪክ በተባለው የባሕር ሰርጥ አጠገብ እንደ ዳባሶ ባሉ መንደሮች ነዋሪዎች ሸርጣንን እያደለቡና ለጎብኚ እያቀረቡ ማንግሮቩንም ሲጠብቁ ቆይተዋል፤ ይህ ሊከበር የሚገባው ሥራ ነው።

ነገር ግን ማደለብ ማራባት አይደለም። የሚደልበው ሸርጣን የተያዘው ከዱር ነው፤ በኩሬ ውስጥ የሚያድጉት ትንንሾቹም በምሥራቅ አፍሪካ በአብዛኛው ከማንግሮቩ ዳር በእጅ የሚለቀሙ ናቸው። ከመፈልፈያ ጣቢያ የሚወጣ ግልገል ለማግኘት ያለው ችግር ከላይ ከተናገርሁት የእጭ ታሪክ የሚመነጭ ነው፤ አምስቱን የእጭ ደረጃዎች በጋን ውስጥ ማሳለፍ፣ የጨዋማነቱንና የሙቀቱን ልክ መጠበቅ፣ ሕያው ምግብ ማቅረብ፣ ባክቴሪያና ሻጋታ እንዳይገባ መከላከል ያስፈልጋል፤ እጮቹ መቆንጠጫ ሲያወጡ ደግሞ እርስ በርሳቸው መበላላት ይጀምራሉ። ኩሬ ውስጥም ይኸው ነው፤ ቅርፊቱን ሊለውጥ የተደበቀውን ደካማውን ጠንካራው ፈልጎ ይበላዋል፤ በዚህም ምክንያት ነው ብዙዎች እያንዳንዱን ሸርጣን ለየብቻ በሣጥን የሚያኖሩት። ምግባቸውም ሥጋ ነውና ለእነርሱ የሚሰጠው ትንንሽ ዓሣና ቀንድ አውጣ ከዚያው ባሕር ይመጣል።

ስለዚህ ጸሐፊው በሰንጠረዣቸው ውስጥ «የእርባታ ምርት» ብለው የደመሩት ሁሉ በሁለት ተከፍሎ መቆጠር ነበረበት። ለማንኛውም ይያዝ የነበረ ባዶ ሸርጣን ደልቦ ሲሸጥ ባሕሩ ላይ ተጨማሪ ጫና አያመጣም፤ ከዚያው ሸርጣን የሚገኘው ሥጋ ይጨምራልና ጥሩ ነው። ከማንግሮቩ ዳር ተለቅሞ ኩሬ የገባ ግልገል ግን ከዱር እንደተያዘ ሸርጣን ሊቆጠር ይገባዋል፤ ኩሬ ውስጥ ከሞተም በምርቱ ዝርዝር ውስጥ ባይገባም ከባሕሩ የጎደለ ነውና መመዝገብ አለበት። የጠረፍ ማኅበራትን የሚረዱ ድርጅቶች ገንዘብ ከመስጠታቸው በፊት ግልገሉ ከየት እንደሚመጣ፣ ሴቶቹ ተለይተው ይለቀቁ እንደሆነ፣ ዝቅተኛው መጠን ስንት እንደሆነ ቢጠይቁ፣ ጸሐፊው ከሚያቀርቡት ምክር ይልቅ ለአጥማጁም ለሸርጣኑም የሚበጅ መነሻ ያገኙ ነበር።